ምስሉ ደህና፣ ድምፁ የታፈነ፦ የድሮ ዴክ ሲያስቸግር ከየት ይጀመራል?

ደሴም ሆነ ወልድያ፣ ሐይቅም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ቁም ሳጥን አናት ላይ ወይም አልጋ ሥር የተረሳ የቪዲዮ ካሴት ያለበት ቤት ሞልቷል። የእህት ሰርግ ነው። የአያት ተዝካር ነው። መንዙማ ሲባል የታደረበት ሌሊት ነው። ዴኩም አብሮ አለ፤ አንዱ ዘመድ ከጅዳ ይዞት የመጣ፣ ላዩ ላይ ዳንቴል የለበሰ። ካሴቱ ይገባል፣ ምስሉ ይመጣል፣ ድምፁ ግን ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚያወራ ሰው ይመስላል። ወይ ያጉረመርማል። ወይ ጭራሽ የለም።

እዚህ ላይ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «አርጅቷል፣ ምን ይደረግ» ብሎ ዳንቴሉን መልሶ ያለብሰዋል። ሌላው ካቻቢቴ ያነሳና ያገኘውን ብሎን ሁሉ ያዞራል። የመጀመሪያው ቢያንስ ዴኩን አይጎዳውም። ሁለተኛው በትንሽ አልኮልና በጥጥ ይድን የነበረውን ዕቃ ባለሙያም የሚቸገርበት ደረጃ ላይ ያደርሰዋል። ስለዚህ ከታች የምጽፈው ሁሉ የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፦ ከውጭ ወደ ውስጥ ሂዱ፣ ብሎን መጨረሻ ላይ ይነካል። አብዛኛው ችግር ብሎኑ ጋ ሳትደርሱ ያልቃል፣ አብሽሩ።

ጥንቃቄው ለምን መሰላችሁ፣ ምትክ የለም። የጃፓኑ ጄቪሲ ቪኤችኤስን፣ ይህን ቤታችን ያለውን የቪዲዮ ካሴት ዓይነት፣ ገበያ ላይ ያዋለው በ1976 እ.ኤ.አ. ነበር። እስከ መጨረሻው ሲያመርት የቆየው ፉናይ ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ወር ላይ ማምረቱን አቆመ። ከዚያ ወዲህ ያለው ዴክ ያለው ብቻ ነው።

ድምፁ ካሴቱ ላይ የት ነው ያለው?

ይህን ሳያውቁ መጠገን በጨለማ መዳበስ ስለሆነ ትንሽ ታገሱኝ።

የቪኤችኤስ ክር ስፋቱ 12.7 ሚሊሜትር ነው። መሀሉን በሙሉ ምስሉ ይዞታል። ለድምፅ የተተወችው የላይኛው ጠርዝ ላይ ያለች 1 ሚሊሜትር ገደማ የምትሆን መስመር ናት። የታችኛው ጠርዝ ላይ ሌላ ቀጭን መስመር አለ፤ እሱ ድምፅም ምስልም አይደለም፣ ዴኩ ፍጥነቱን የሚያስተካክልበት ምልክት ነው። ሁለቱን ጠርዞች የሚያነበው አንድ ዕቃ ነው። ድራም ከሚባለው፣ ምስሉን ከሚያነበው ተሽከርካሪ ሲሊንደር በስተቀኝ የቆመ፣ የማይንቀሳቀስ፣ ትንሽ የብረት ሄድ (ማንበቢያ)። ጠጋኞች ኦዲዮ ሄድ ይሉታል። ቦታውን በደንብ ያዙት፣ ደጋግመን እንመለስበታለን።

ፍጥነቱ ደግሞ ቀርፋፋ ነው። የሙዚቃ ካሴት በሴኮንድ 47.6 ሚሊሜትር ይሄዳል። በፓል (እኛ አገር በተለመደው የቴሌቪዥን ሲስተም) የተቀዳ የቪዲዮ ካሴት ግን 23.39 ሚሊሜትር ብቻ ነው፣ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ክር ለመቆጠብ ተብሎ ኤልፒ በሚባለው ዘገምተኛ ፍጥነት ከተቀዳ ይሄም እንደገና በግማሽ ይቀንሳል፤ የሦስት ሰዓቱ ካሴት ስድስት ሰዓት እንዲይዝ ቀጫጭኑ ድምፅ ተከፍሎበታል ማለት ነው። ስለዚህ ዴኩ ፍጹም ጤነኛ ቢሆንም በኤልፒ የተቀዳ ሰርግ ጥርት ብሎ አይሰማም። ዴኩን ከመውቀሳችሁ በፊት መስኮቱ ላይ «ኤስፒ» (መደበኛው ፍጥነት) ወይስ «ኤልፒ» እንደሚል እዩ።

ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ወዲህ ደግሞ ሃይፋይ የሚባለው መጣ። ይሄኛው ድምፅ ጠርዙ ላይ አይደለም ያለው። ድራሙ ላይ በተጨመሩ ሄዶች አማካይነት ከምስሉ ሥር፣ ክሩ ውስጥ ጠለቅ ብሎ ይቀዳል። ድራሙ በደቂቃ 1500 ጊዜ ስለሚዞር የክሩ ቀርፋፋነት አይጎዳውም፤ ጥራቱ ለሲዲ የቀረበ ነው። ግን ሁለት ነገር ይፈልጋል። ዴኩ ሃይፋይ መሆን አለበት (ፊቱ ላይ ተጽፎበታል)፣ ካሴቱም መጀመሪያውኑ በሃይፋይ የተቀዳ መሆን አለበት። ሃይፋይ ካሴት ላይም ቢሆን የጠርዙ ድምፅ አብሮ ይቀዳል። ማለትም አንድ ካሴት ላይ ሁለት ድምፅ አለ።

ይህች ሁለት ድምፅ የምትባል ነገር በሰርግ ካሴት ላይ ጉድ ትሠራለች። አንዳንድ ቪዲዮ አንሺ ሰርጉን ካነሳ በኋላ ላዩ ላይ ዘፈን ይጭንበታል። «ኦዲዮ ደብ» በሚባለው ቁልፍ ከተጫነ ዘፈኑ የሚገባው ጠርዙ ላይ ብቻ ነው። ቀረጻው በሃይፋይ ከነበረና ያላችሁ ዋናው ካሴት ከሆነ፣ የሽማግሌዎቹ ምርቃትና የሴቶቹ እልልታ ሳይነካ ከሥር አለ። ሃይፋይ ዴክ ላይ ወይም ሪሞቱ ላይ «ኦዲዮ ሞኒተር» ወይም «ኦዲዮ አውት» የሚል ቁልፍ ፈልጉ። ስትጫኑት ሃይፋይ፣ ኖርማል (የጠርዙ ድምፅ)፣ ሚክስ እያለ ይቀያየራል። ሚክስ ላይ ከሆነ ሁለቱ ድምፆች ተደርበው ይሰማሉ፤ ያኔ «ዴኩ ድምፅ ያደባልቃል» የሚባል ክስ ይመጣል። ዴኩ ምንም አላጠፋም።

ካቻቢቴውን ገና አታንሱ

መጀመሪያ የሚለየው ጥፋቱ የካሴቱ ነው፣ የዴኩ ነው፣ የገመዱ ነው ወይስ የቴሌቪዥኑ የሚለው ነው። ሌላ ካሴት አስገቡ። ለሙከራ የሚሆነው የማያሳዝናችሁ ካሴት ነው፣ የድሮ ፊልም ለምሳሌ። ያላችሁን አንድ የሰርግ ካሴት መሞከሪያ አታድርጉት። የአንዱ ካሴት ድምፅ ጥሩ ተሰምቶ የሌላው ካልተሰማ ችግሩ ካሴቱ ላይ ነው። ሁሉም እኩል ከታፈኑ ዴኩ ነው። ዴኩን ወስዳችሁ ጎረቤት ቴሌቪዥን ላይ ስትሰኩት ከተስተካከለ ደግሞ ዴኩን ይቅርታ ጠይቁት።

ከዴኩ የሚወጣው ገመድ ሁለት ዓይነት ነው። ባለቀለሙ ገመድ ካላችሁ እሱን ተጠቀሙ። ቢጫው ምስል፣ ነጩና ቀዩ ድምፅ ነው። አሮጌ ሞኖ ዴክ ለድምፅ አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው፤ ስለዚህ ከአንድ ስፒከር ብቻ መስማት ብልሽት አይደለም፣ ቴሌቪዥኑን ሞኖ ላይ አድርጉት። ሰኪው ላይ ዝገት ከተጠራቀመ ድምፁ ይንኳኳል፣ ይቆራረጣል። ዴኩ ጠፍቶ ሳለ ሰክታችሁ ንቀሉት፣ ግራና ቀኝ እያዞራችሁ ደጋግሙት፣ ጫፉን በአልኮል ጥረጉት። ገመዱን ነካ ስታደርጉ ድምፁ የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ ገመዱን ቀይሩ፣ ወይም ከውስጥ የቀዳዳው ብየዳ ተሰንጥቋል።

ስስ ቴሌቪዥኖች ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ብዙዎቹ ሦስቱን ቀለም በአንዲት የጆሮ ማዳመጫ መሰል ቀዳዳ ነው የሚቀበሉት። በዚያች ቀዳዳ የሚገባው ማገናኛ ገመድ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ውስጡ ያለው አደራደር ይለያያል። ምስል ጠፍቶ ከስፒከሩ ኃይለኛ እሪታ ከመጣ የምስሉ ምልክት ወደ ድምፁ ገብቷል ማለት ነው። ቢጫውን ከቀዩ አቀያይራችሁ ሞክሩ። ካልሆነ ለቴሌቪዥኑ የተሠራውን ማገናኛ ፈልጉ።

በአንቴና ገመድ የምታገናኙ ከሆነ ደግሞ እዚህ ጋ ቆም በሉ። ምስሉ ፍጹም ጥሩ ሆኖ ድምፁ ሽሽሽ ብቻ ካለ ወይም ጭራሽ ከጠፋ፣ ዴኩና ቴሌቪዥኑ በድምፅ ሲስተም አልተግባቡም። እኛ አገር የሚሠራው ፓል ቢጂ ነው፤ ድምፁ ከምስሉ በ5.5 ሜጋኸርዝ ርቆ ይላካል። ከእንግሊዝ የመጣ ዴክ ግን ፓል አይ ስለሆነ 6 ሜጋኸርዝ ላይ ነው። ከዓረብ አገር የመጣው በዚህ በኩል አብዛኛውን ጊዜ አያስቸግርም። ዴኩ ጀርባ ላይ ወይም ሜኑው ውስጥ «ቢጂ፣ አይ፣ ዲኬ» የሚል መምረጫ ካለ ቢጂ ላይ አድርጉት። ከሌለው በባለቀለሙ ገመድ ስታገናኙት ችግሩ ይቀራል፣ ምክንያቱም በዚያ መንገድ ድምፁ በቀጥታ ነው የሚሄደው።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶች የላኩት ካሴት ሌላ ነው። እዚያ የሚቀዳው በፓል ሳይሆን ኤንቲኤስሲ በሚባል ሌላ ሲስተም ነው። ፓል ብቻ የሚያውቅ ዴክ ላይ ሲገባ ምስሉ ይረበሻል፣ ድምፁም ዘገም ብሎ ይወፍራል፤ ሙሽራዋ የወንድ ድምፅ ታወጣለች። ምንም ብታጸዱ አይስተካከልም። ኤንቲኤስሲ የሚያጫውት ዴክ ይፈለግ።

ካሴቱን ሳታዩ አታስገቡ

ደሴ ጭጋጓ የታወቀ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ልብስ እንኳ ቁም ሳጥን ውስጥ ይሸታል፣ ካሴትማ ምን ይሁን። ካሴቱን መስኮት አጠገብ አቅርባችሁ በመስታወቱ በኩል የክሩን ጥቅልል አግድም እዩት። ጥቁርና ልሙጥ መሆን አለበት። ነጭ ነጠብጣብ ወይም ነጭ ዱቄት ካለበት ሻጋታ ነው። አታጫውቱት። ዴኩ ውስጥ ከገባ ሄዱን ያቆሽሻል፣ ከዚያ ቀጥሎ የሚገባውን ጤነኛ ካሴትም ይበክላል። ፀሐይ የማይመታው ደረቅና ነፋሻ ቦታ ላይ ይሰንብት። ከዚያ በኋላም የሚጸዳው ለይቶ በተቀመጠ፣ ለሌላ በማትፈልጉት ዴክ ነው።

ጥቅልሉ ላይ ወጣ ገባ ያለ፣ የተጨማደደ ጠርዝ ካያችሁም ልብ በሉ። የላይኛው ጠርዝ ከተጎዳ የኖርማሉ ድምፅ እዚያች ቦታ ላይ ይጠፋል፤ ሃይፋይ ካለው ግን ሃይፋዩ ይተርፋል። የታችኛው ከተጎዳ ፍጥነቱ ይዛባል። የተጨማደደውን ክር ማቅናት አይቻልም። የተሰበረው ቅርፊቱ ብቻ ከሆነ ግን ቀላል ነው፦ ከሥሩ ያሉትን አምስት ብሎኖች ፈትታችሁ ጥቅልሎቹን ወደ ጤነኛ ቅርፊት ታዛውራላችሁ።

ለዓመታት ያልተነካ ካሴት ከሆነ ከመጫወቱ በፊት አንዴ እስከ መጨረሻው ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ ጠቅልሉት። የተጣበቀው ይላቀቃል፣ ውጥረቱም ይስተካከላል።

ዴኩን ከብርድ ወደ ሙቀት ወስዳችሁ ወዲያው አትሰኩት። ከደሴ ብርድ አውጥታችሁ ኮምቦልቻ ብታወርዱት ድራሙ ላይ ጤዛ ይይዛል፣ ክሩም እርጥቡ ብረት ላይ ይጣበቃል። ሁለት ሦስት ሰዓት ይቀመጥ። አንዳንዱ ዴክ ራሱ ጤዛውን አውቆ አልሠራም ይላል፤ ያኔ አትታገሉት።

ማጽዳት

ከዚህ በፊት ያለው ሁሉ ካልሠራና ሁሉም ካሴት እኩል ከታፈነ፣ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ያው ድራሙ አጠገብ ያለው ኦዲዮ ሄድ ነው። የክሩ ቡናማ ዱቄት ይለጠፍበታል። ትንሽ ሽፋን ትበቃለች፤ ክሩ ከሄዱ በጥቂቱ ከራቀ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው፣ ወፍራሙ ይቀራል። «ታፈነ» የምንለው ይሄንን ነው። ሌላም ምልክት አለው፦ ሰዓት ቆጣሪው ይቆማል ወይም ይዘላል። ቆጣሪው ከታችኛው ጠርዝ ስለሚያነብ፣ ሄዱ ሲቆሽሽ እሱም ይደናገራል።

አልኮሉ 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል ቢሆን ነው የሚመረጠው። ካጣችሁ ፋርማሲ ያለው 70 በመቶ ይሞከራል፣ ውሃ ስላለበት ግን እስኪደርቅ በደንብ ጠብቁ። አረቄ፣ ሽቶ፣ የእጅ ሳኒታይዘር፣ ቤንዚንና ላምባ አይሆንም። ለጨርቅ ደግሞ አሮጌ ነጠላ እንዳታመጡ፣ ጥጡ እየተነጨ ሄዱ ላይ ይቀራል።

1. ካሴቱን አውጡ፣ ሶኬቱን ከግድግዳው ንቀሉ። በሪሞት ማጥፋት መንቀል አይደለም። የመብራት ክፍሉ (ኤሌክትሪኩ የሚገባበት) ላይ ያለው ትልቁ ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ፣ ውስጥ 300 ቮልት ገደማ ይኖራል፣ ከተነቀለም በኋላ ለጊዜው ይቆያል። ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ ያንን ክፍል ጭራሽ አትንኩት።

2. ከጎንና ከኋላ ያሉትን ብሎኖች ፈትታችሁ ክዳኑን ወደኋላ ሳብ አድርጋችሁ አንሱት። መሀል ላይ ዘንበል ብሎ የቆመው የሚያብረቀርቅ ሲሊንደር ድራሙ ነው። በስተቀኙ የምታገኙት፣ ጀርባው ላይ ብዙ ቀጫጭን ሽቦ የተያያዘበት ኦዲዮ ሄዱ ነው።

3. የጆሮ ጥጡን አልኮል አስነክታችሁ ጨምቁት፣ መንጠባጠብ የለበትም። የኦዲዮ ሄዱን ፊት ክሩ በሚሄድበት አቅጣጫ ግራና ቀኝ ጥረጉት። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ሌላ ጥጥ ቀይሩ። ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ቀጥሉ። የሄዱን የላይኛውንና የታችኛውን ጠርዝ አትርሱ፤ ድምፁ የሚነበበው በላይኛው ነው፣ ቆሻሻውም የሚወደው እዚያ ነው።

4. ከሄዱ ቀጥሎ ወደ ቀኝ ቀጭን የብረት ዘንግና የሚጫነው ጥቁር ጎማ አለ። ክሩን የሚጎትቱት እነሱ ናቸው። ዘንጉ ላይ ቡናማ ቀለበት ካያችሁ እሱንም አንሱ። ጎማውን እያዞራችሁ ጥቁር መልቀቁን እስኪያቆም ጥረጉት። ጎማው ደርቆ መስታወት ከመሰለና ከተሰነጠቀ ማጽዳት አይመልሰውም።

5. ድራሙን ጥጥ አታስነኩት። በጥጥ ብትፈትጉት የሄዶቹ ጫፍ ይሰበራል፣ ያኔ ምስሉም ሄደ። ንጹሕ ነጭ ወረቀት ወይም የማይላጥ ለስላሳ ቆዳ አልኮል አስነክታችሁ ድራሙ ጎን ላይ አስደግፉና ሳትጫኑ ያዙት። በሌላው እጃችሁ ድራሙን ከአናቱ ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። የሚዞረው ድራሙ ነው፣ ወረቀቱ ባለበት ይቆማል። ወደ ላይና ወደ ታች ማሸት ፈጽሞ የለም። ሃይፋይ ድምፅ የሚያነቡት ሄዶችም እዚሁ ስለሆኑ ይሄ ሥራ ለድምፅም ነው።

ከዚያ ይድረቅ። ቆላ ከሆናችሁ ቶሎ ነው፤ ደሴ ላይ ግን ቡና አፍልታችሁ ጠጡ፣ ቶና ሲደርስ ደርሷል።

ክዳኑ ክፍት እያለ መሞከር ከፈለጋችሁ አንድ የማይጠረጠር ነገር አለ። ዴኩ የክሩን መጨረሻ የሚያውቀው በብርሃን ነው። ከመስኮት የገባ ፀሐይ ወይም የባትሪ መብራት ዳሳሹ ላይ ካረፈ፣ ክሩ ያለቀ ይመስለውና ይቆማል ወይም ካሴቱን ይተፋል። «ከፈትኩት፣ ተበላሸ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ጥላ ቦታ ሆናችሁ ሥሩ፣ ወይም ላዩ ላይ ካርቶን አድርጉበት።

ድምፁ ምን ዓይነት ነው?

ካጸዳችሁም በኋላ ካልተስተካከለ ጆሯችሁን አምናችሁ ስሙ። ጥፋቱ በድምፁ ዓይነት ይታወቃል።

ድምፁ አንዴ ጥርት፣ አንዴ እፍን እያለ ቶሎ ቶሎ የሚቀያየር ከሆነ የሃይፋይ ጉዳይ ነው። ዴኩ የሃይፋዩን ምልክት ሲያጣ በራሱ ወደ ኖርማሉ ይዘላል፣ ሲያገኘው ይመለሳል። ከሥሩ የማያቋርጥ ጉርምርምታም ይኖረዋል። «ትራኪንግ» የሚለውን፣ ሄዶቹን ከክሩ መስመር ጋር የሚያገጣጥመውን ቁልፍ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ሞክሩት። ምስሉ የሚያምርበትና ድምፁ የሚጠራበት ቦታ ሁልጊዜ አንድ ላይሆን ይችላል፤ ለድምፁ አድሉ። እምቢ ካለ ኦዲዮ ሞኒተሩን ኖርማል ላይ አስቀምጡት። ትንሽ የታፈነ ግን ያልተቆራረጠ ድምፅ ይሻላል።

የሚዋዥቅ ድምፅ ለወሎ ሰው አይደበቅም። ከአምባሰልና ከባቲ ቅኝት ጋር ያደገ ጆሮ ዋሽንት ስትንሸራተት ወዲያው ያውቃል። ለሙከራ ረጅም የዋሽንት ድምፅ ወይም አንድ ሰው ያለ መሣሪያ የሚያንጎራጉርበትን ቦታ ምረጡ። የሚንቀጠቀጥ ወይም ቀስ እያለ የሚወጣና የሚወርድ ከሆነ የሚጎትተው ጎማና ዘንግ ነው፣ ወይም ከሥር ያለ የላላ ላስቲክ ቀበቶ። ሌሎች ካሴቶች ደህና ሆነው አንዱ ብቻ ከዋዠቀ የዚያ ካሴት የታችኛው ጠርዝ ነው። ሁሌ አንድ ቦታ ላይ የሚዋዥቅ ከሆነ ደግሞ ሲቀዳ መብራት ወርዶ፣ የካሜራው ባትሪ ደክሞ ሊሆን ይችላል፣ እሱን ዛሬ ማንም አይጠግነውም።

እም የሚል ወፍራም፣ የማይለወጥ ድምፅ ከመብራት የመጣ ነው። መጀመሪያ የዲሹን ገመድ ከቴሌቪዥኑና ከሪሲቨሩ ንቀሉ። ጠፋ? እንግዲያው በገመዶቹ በኩል የሚዞር ኤሌክትሪክ ነበር፤ ሁሉንም ዕቃ ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰኩ። አልጠፋም? ስታቢላይዘሩ ከዴኩ አጠገብ ወይም ላዩ ላይ ነው? ትራንስፎርመሩ ኦዲዮ ሄዱን ይረብሸዋል፣ ገመዱ እስከፈቀደ አርቁት። ይሄም ካልሆነ የዴኩ የመብራት ክፍል ውስጥ ያረጀ ካፓሲተር አለ፣ እሱ የጠጋኝ ሥራ ነው። ቤታችሁ አትሞክሩት።

ጭራሽ ዝም ካለ ግን ምስሉ ካለ፦ የ«ሚውት» ቁልፍ፣ የቴሌቪዥኑ ምርጫ፣ የኦዲዮ ሞኒተሩ ቦታ። ከዚያ ከኦዲዮ ሄዱ ጀርባ የሚወጣው ሽቦ ሶኬቱ ላይ መግባቱን በዓይን እዩ። ክዳን ሲከፈት ሲዘጋ የሚላቀቅበት ጊዜ አለ።

አሁን ብሎኑ

ሄዱ ንጹሕ ነው፣ ሌላው ሁሉ ታይቷል፣ ድምፁ ግን አሁንም ቀጭን ነገር የለውም። አዚሙት ሊሆን ይችላል። የኦዲዮ ሄዱ ቀጭን ክፍተት ከክሩ ጋር ልክ 90 ዲግሪ መቆም አለበት፤ ጥቂት ካጋደለ ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋል። ብዙ ጊዜ የሚያጋድለው በራሱ አይደለም፣ ከእናንተ በፊት የሆነ ሰው ነክቶታል። ብሎኖቹ ላይ የፋብሪካ ቀለም ተሰንጥቆ ካያችሁ ጥርጣሬያችሁ ልክ ነው። ቀለሙ ሳይነካ ካለ እኔ ብሆን አልነካውም።

ሄዱ ዙሪያ ብዙ ብሎን አለ። አንዱ ከፍታውን፣ አንዱ ወደፊትና ወደኋላ መዘንበሉን፣ አንዱ አዚሙቱን ነው የሚለውጠው፤ ከሥር ያለው ደግሞ ሄዱን በሙሉ ግራና ቀኝ ያንሸራትታል። የምንፈልገው ግራና ቀኝ የሚያጋድለውን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጎን ያለውን ብቻ ነው። ሌሎቹ ከተነኩ ትራኪንጉም ይበላሻል። የትኛው እንደሆነ በእርግጠኝነት ካልለያችሁ እዚህ ላይ አቁሙ፣ የምሬን ነው።

ከለያችሁ፦ ከማዞራችሁ በፊት የብሎኑን አቅጣጫ በማርከር ምልክት አድርጉበት። ብሎን እንዲይዝ ተብሎ ማግኔት የተደረገ ካቻቢቴ ሄዱ አጠገብ አይድረስ። ዴኩ በርቶ ስለሆነ የምትሠሩት እጃችሁ ከመብራቱ ክፍል ይራቅ፣ ሌላኛውን እጅ ኪስ ውስጥ ክተቱት። ዴኩ ሃይፋይ ከሆነ ኖርማል ላይ አድርጉት፣ አለዚያ የምትሰሙት ሌላ ድምፅ ነው። ካሴቱ ፋብሪካ የተቀዳ ይሁን። ብሎኑን በጣም በትንሹ፣ ከሩብ ዙር ሳታልፉ፣ ወዲህና ወዲያ አድርጉና አዳምጡ። ንግግር ከሆነ «ሰ»ና «ሸ» ጥርት የሚሉበትን ቦታ ፈልጉ። ሙዚቃ ከሆነ ከማሲንቆ የተሻለ መለኪያ አላውቅም፦ ደጋኑ ጭራውን ሲፍቀው የሚወጣው ሻካራ ጭረት ሲሰማ ደርሳችኋል። አልፋችሁ ስትሄዱ ጭረቱ ይጠፋል፣ ዜማው ብቻ ይቀራል። ጭረቱ ወደጎላበት ተመለሱ።

ፋብሪካ የተቀዳው ጥርት ብሎ የሰርጋችሁ ካሴት ብቻ ከታፈነ፣ ያጋደለው ያኔ የቀዳው ካሜራ ወይም ዴክ ነበር። ለዚያ ካሴት ብቻ ብላችሁ አዚሙቱን አስተካክላችሁ መቅዳት፣ ከዚያ ብሎኑን ወደ ምልክቱ መመለስ ይቻላል።

ጠጋኝ ጋ ከሄዳችሁ

«ድምፅ የለውም» ብላችሁ ብቻ አትስጡት። በየትኛው ካሴት፣ በየትኛው ገመድ፣ ሃይፋይ ላይ ወይስ ኖርማል ላይ እንደሆነ ንገሩት፣ መሞከሪያ ካሴትም አብራችሁ ስጡ። የሰርጉን ካሴት ዴኩ ውስጥ ትታችሁ እንዳትሄዱ። ያለፈቃዳችሁ የሄዱን ብሎን እንዳይነካም ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ጎማው ወይም ቀበቶው አልቆ ከሆነ ተመሳሳይ ሞዴል የሞተ ዴክ ፈልጎ ከእሱ መንቀል ነው መንገዱ።

ድምፁ ከተስተካከለላችሁ በዚያው ሳምንት ወደ ኮምፒውተር ገልብጡት፣ «በኋላ» አትበሉ። በዩኤስቢ የምትሰካ ትንሽ የቪዲዮ መቅጃ ትበቃለች። ከመጀመራችሁ በፊት የካሴቱ ጀርባ ላይ ያለችው የመከላከያ ምላስ መሰበሯን እዩ፤ ካልተሰበረች ስበሯት፣ ዴኩ በስህተት ላዩ ላይ አይቀዳም። የድምፁን መጠን እልልታውና ከበሮው ባለበት ቦታ ለኩት፣ ጸጥ ባለው ቦታ ለክታችሁ ከተዋችሁት እልልታው ላይ ይሰነጠቃል። አምስት ደቂቃ ቅዱና መልሳችሁ በጆሮ ማዳመጫ ስሙት፣ ከዚያ ሙሉውን ልቀቁት። ዘፈን የተጫነበት ሃይፋይ ካሴት ከሆነ ደግሞ ሁለት ጊዜ ገልብጡት፤ አንዴ ኖርማል ላይ አድርጋችሁ ከነዘፈኑ፣ አንዴ ሃይፋይ ላይ ከነምርቃቱ።